ተመልሶ የመጣው የቃጫ ባርኔጣ፦ በሐዋሳ የአንድ የእጅ ሥራ ማኅበር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በሐዋሳ ከተማ ከእንሰት ቃጫ ባርኔጣ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ማኅበር ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ካስረከባቸው 120 ባርኔጣዎች መካከል 71ዱ በሦስት ማዳበሪያ ታጭቀው ተመለሱለት። በወቅቱ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በሚሰጡት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ድጋፍ ውስጥ ከሚሠሩ አሠልጣኞች አንዱ ስለነበርኩ፣ ማኅበሩን የማገዝ ሥራ ደረሰኝ። ድጋፉ የቴክኒክ ክህሎትን፣ ኢንተርፕረነርሺፕን (የንግድ ሥራ ፈጠራን)፣ ቴክኖሎጂንና ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ያካተተ ሲሆን የእኔ ድርሻ ኢንተርፕረነርሺፑ ነበር። በዚህም ምክንያት ወደ ማኅበሩ የሄድኩት ችግሩ የገበያ ችግር ነው ብዬ አስቀድሜ ደምድሜ ነው። አሥራ አራት ወር ከፈጀ ሥራ በኋላ የተረዳነው ግን ገበያውን ያራቀው ነገር ከባርኔጣው ጋር አብሮ የተሰፋ መሆኑን ነው። ጉዳዩን በጽሑፍ ለማስቀመጥ የፈለግኩትም የእኔን ዓይነት ድምዳሜ ይዘው ወደ ሌሎች ማኅበራት የሚሄዱ ባለሙያዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። የአባላቱንም ሆነ የገዢዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ዳራ

ማኅበሩ በ2012 ዓ.ም. ሲቋቋም ዘጠኝ ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነበሩት። ሥራውን የሚመሩት፣ ሁሉም «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። እኚህ እናት በሲዳማ፣ በሁላ ደጋ ሲያድጉ ቃጫ መጎንጎን የተማሩት የከብት ማሰሪያ ገመድ ይሠሩ ከነበሩት አባታቸው ነው። በቤታቸው ባርኔጣ ይሠራ እንዳልነበረ በግልጽ ይናገራሉ፤ ከአባታቸው ያገኙት ገመዱንና የጣታቸውን ፍጥነት ነው። ባርኔጣው የመጣው ሐዋሳ ከገቡ በኋላ፣ አንድ ጎረቤታቸው ከሰሌን የተሠራ ባርኔጣ አሳይተዋቸው «ይህንማ በቃጫ ልሠራው እችላለሁ» ካሉበት ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ ጥሬ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የችግሩ ግማሽ የሚገኘው እዚያ ነውና። በሲዳምኛ «ወሴ» የሚባለው እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ የምግብ ምንጭ ነው። ሴቶች የእንሰቱን ግንድ መሰል ሽፋን አንድ በአንድ ገንጥለው፣ በተጋደመ ጣውላ ላይ ዘርግተው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ፍቁ ለቆጮ ይቀበራል፤ ከሚጨመቀው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጣውላው ላይ የሚቀረው ነጭ ክር ደግሞ ቃጫ ነው። እንሰት የሙዝ ዘመድ ሲሆን፣ በፊሊፒንስ ለመርከብ ገመድ የሚፈለገው አባካም የዚሁ ቤተሰብ ተክል ነው። ጥንካሬው ከዚያው የመጣ ነው። ሆኖም ቃጫ ከምግብ ዝግጅት የሚተርፍ ነገር በመሆኑ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ቆጮውና ስለ ቡላው ነው፤ ቃጫው ጥግ ላይ ተከምሮ ይቆያል፣ ጊዜ ሲገኝ ታጥቦ ወይም ሳይታጠብ ገበያ ይወጣል።

ባርኔጣው የሚሠራው ቃጫው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው በአምስት ዘለላ ተጎንጉኖ፣ ጉንጉኑ ከአናቱ ጀምሮ እየተጠመጠመ በመርፌ ሲሰፋ ነው። ለአንድ ባርኔጣ 18 ሜትር ገደማ ጉንጉን ያስፈልጋል። ጠርዙ እንዳይረግብ በዙሪያው ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ይገባበታል። ቀርከሃው የሚመጣው ከሲዳማ ደጋማ ወረዳዎች ነው።

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። የሐይቁ ዳር ፀሐይ ባርኔጣ ያስፈልገዋል፤ ስብሰባና ሥልጠና ከዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ጨምበላላ በዓል ሲከበርም የበዓሉ ማክበሪያ ስፍራ ጉዱማሌ በእንግዳ ይሞላል። በሌላ በኩል በየሱቁ የተደረደረው ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ ባርኔጣ ቃጫው ከሚሸጥበት ዋጋ በእጅጉ ይረክሳል።

ችግሩ

የመጀመሪያውን ማዳበሪያ የፈታነው በእትዬ ግቢ፣ ከዝናብ በኋላ ነበር። ገና ሲከፈት የወጣው ሽታ የሚታወቅ ነው፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ከቆጮ የሚወጣው ጎምዛዛ ሽታ። በምግብ ላይ ማንም አይጠላውም። በራስ ላይ አድርጎት ጀልባ ላይ ለሚቀመጥ እንግዳ ግን ሌላ ነገር ነው። እትዬ አንዱን ባርኔጣ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኛ እኮ ለምደነው ነው፤ አልሸተተንም» አሉኝ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ምርመራ ይህ ነበር።

ሰባ አንዱን ባርኔጣ በሦስት ክምር ለየናቸው። 34ቱ ደርቀው ሳለ ደህና የነበሩ፣ እርጥበት ሲነካቸው ግን የሚሸቱ ነበሩ፤ ርክክቡ የተፈጸመው በክረምቱ ማብቂያ በመሆኑ ሽታው በማረፊያው መጋዘን ውስጥ ተቀስቅሷል። 22ቱ ልካቸው የማይሆን ነበር፤ ከፊሎቹ ከልጅ ራስ የማያልፉ፣ ከፊሎቹ እስከ ዓይን የሚወርዱ። የቀሩት 15 ባርኔጣዎች በመልክም በልክም እንከን አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ጠርዙን በጣት መታ መታ ስናደርገው እንደ ዱቄት የላመ ነገር ተራገፈ። በጠርዙ ውስጥ ያለውን ቀርከሃ ነቀዝ ቦርቡሮታል።

ከእነዚህ ሌላ ማንም ያልተናገረው አራተኛ ችግር ነበር። አባላቱ አንዱን ባርኔጣ በ250 ብር ይሸጡ ነበር፤ ጉልበታቸውን ግን አስበውት አያውቁም። ቃጫው ሁለት እስር በ60 ብር፣ ክሩ 15 ብር፣ ቀርከሃው 10 ብር ይፈጃል። የሚቀረው 165 ብር ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል በየቤታቸው የሠሩበትን ሰዓት እንዲያሰፍሩ ስናደርግ፣ አንድ ባርኔጣ በአማካይ 17 ሰዓት እንደሚወስድ ታወቀ። የሰዓቱ ድርሻ 10 ብር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ውጤቱ በተነበበ ጊዜ ከአባላቱ አንዷ ጉንጉኗን አስቀምጣ ወጣች፤ በማግሥቱ ተመልሳ መጣች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሽታውን በሚመለከት በግምት ከመነሣት ይልቅ መሞከርን መረጥን። በኢኳዶር ቶኪያ ከሚባል ተክል ባርኔጣ የሚሠሩ ሰዎች (ዓለም «ፓናማ» እያለ የሚጠራው ባርኔጣ ትውልዱ ኢኳዶር ነው፤ የእጅ ጥበቡም በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል) ክሩን ከመሥራታቸው በፊት እንደሚቀቅሉት አውቅ ስለነበር መቀቀልንም በሙከራው ውስጥ አካተትን። ቃጫውን በሦስት ከፈልነው። አንደኛው በተፋቀበት ዕለት በቀዝቃዛ ውኃ ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ ሁለተኛው አራት ቀን ከቆየ በኋላ እንደዚያው ታጠበ፤ ሦስተኛው አራት ቀን ቆይቶ ግማሽ ሰዓት ተቀቀለ። ሁሉም በጥላ ሥር ገመድ ላይ ተሰጥተው ከደረቁ በኋላ በትንሹ አርጥበን በላስቲክ አሠርናቸውና በአምስተኛው ቀን ከሥራው ጋር ግንኙነት ለሌላቸው ሦስት ጎረቤቶች፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳንነግራቸው፣ ሰጥተን አስሸተትናቸው። ሦስቱም ይሸታል ብለው የለዩት ሁለተኛውን ነው። የተቀቀለው ሽታው ቢጠፋም መልኩ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ የማገዶው ወጪም የሚቻል አልነበረም። በዕለቱ የታጠበው ግን ነጭነቱንም ሽታ አልባነቱንም ጠብቋል።

ስለዚህ መፍትሔው ያለው ሐዋሳ ሳይሆን ቃጫው በሚፋቅበት ቦታ ነበር። ከገበያ የሚገዛ ቃጫ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያውቅ ሰው የለም። እትዬ በሲዳማ ሸበዲኖ ወረዳ ያሉ ዘመዶቻቸውን ይዘው ሄዱና እንሰት የሚፍቁ ስድስት ሴቶችን አነጋገሩ። ንግግሩ ቀላል አልነበረም። በፍቂያ ቀን ሴቶቹ ያላቸው ጊዜ ለቆጮው ነው፤ ቃጫ ለማጠብ ተጨማሪ ውኃ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ውኃው ደግሞ ቅርብ አይደለም። ስምምነት ላይ የተደረሰው በዕለቱ ታጥቦ የደረቀ አንድ እስር በ30 ብር ፋንታ በ35 ብር እንዲገዛ፣ ማኅበሩም ሁለት ትልልቅ ጀሪካን እንዲያቀርብ ሲወሰን ነው። አምስት ብር ለውኃ መቅዳት ትንሽ መሆኑን ያኔም ተሰምቶኛል፤ ወደዚህ ጉዳይ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

የልኩ ችግር የተፈታው በማኅበሩ አባል ነው። እያንዳንዱ አባል ባርኔጣውን የሚለካው በራሱ ስንዝርና በራሱ ጭንቅላት ስለነበር አሥራ አንድ አባላት አሥራ አንድ ዓይነት ልክ ነበራቸው። ቀደም ሲል በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት የጥራት ቁጥጥር ላይ የሠራች ወጣት አባል ግን ሜትር ይዛ መጥታ የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ጎረቤትም ደንበኛም ሳትል፣ ራስ ስትለካ ሰነበተች። ከዚያ በ55፣ በ57 እና በ59 ሳንቲ ሜትር ሦስት ልክ ብቻ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበች። አንድ እንጨት ሠሪ ከዋንዛ እንጨት ሦስት ራስ ጠርቦ ሰጠን። ሴቶቹ «ራሱ» ይሉታል፤ «ራሱን አቀብዪኝ» ሲባባሉ መስማት ለአዲስ ሰው ይገርማል። የመጀመሪያዎቹ ራሶች ልካቸው ትክክል ነበር፣ ስህተቱም እሱ ነበር። ሲሰፋ በትንሹ የሚረጥበው ቃጫ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከውስጥ የሚሰፋው የጨርቅ ጠርዝም ቦታ ይወስዳል። ባርኔጣዎቹ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠበቡ። እንጨቱ ላይ አንድ ዙር የጨርቅ ጥብጣብ በመጠምጠም አስፍተን አስተካከልነው። ከዚያ በኋላ መፍታትና እንደገና መስፋት ስለቀረ አንድ ባርኔጣ የሚወስደው ጊዜ ወደ 15 ሰዓት ወረደ።

ነቀዙን ለማስቀረት ሁለቱ ወንድ አባላት ኃላፊነት ወሰዱ። ነቀዝ ቀርከሃን የሚበላው በውስጡ ለሚገኘው ስታርች ሲል ነው። ይገዙት የነበረው ቀርከሃ በክረምት የተቆረጠ ለጋ ነበር። አሁን በበጋ የተቆረጠና ሦስት ዓመት የሞላው ብቻ ይገዛል፤ ተሰንጥቆ ሁለት ሳምንት በየጊዜው በሚቀየር ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከደረቀ በኋላ ከማድቤቱ ጭስ በላይ ይሰቀላል። የጭሱን ነገር ያመጡት እትዬ ናቸው፤ በሁላ የቤት ቀርከሃ ዕድሜ የሚያገኘው ከምድጃው በላይ ሲሆን ነው ይላሉ። የበሰለ ቀርከሃ ለሽመና ይከብዳል፤ ለጠርዝ ስንጥር ግን ይበቃል።

ዋጋውን በመጨረሻ አስተካከልነው፤ ቅደም ተከተሉም ይህ መሆን ነበረበት። አዲሱ የቁሳቁስ ወጪ ቃጫ 70 ብር፣ ክር 15 ብር፣ ቀርከሃ 10 ብር፣ የውስጥ ጨርቅና ልኩ የተጻፈበት ምልክት 15 ብር፣ በድምሩ 110 ብር ሆነ። ዋጋው 480 ብር ሲሆን ለ15 ሰዓት ሥራ 370 ብር ይቀራል፤ በሰዓት 25 ብር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አባላቱ ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ፤ አንዷ «ማን ይገዛናል?» አለች። እኔም በልቤ ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ውድቀት የእኔ ምክር ነው። ባርኔጣው ቅርጹን እንዲጠብቅና ዝናብ እንዳያስገባ በቫርኒሽ እንዲቀባ ሐሳብ ሰጠሁ። አሥር ባርኔጣ ተቀባ። መልካቸው አበራ፤ ፎቶ ላይም አምረው ወጡ። ነገር ግን ቃጫ ባርኔጣ የሚወደድበት ምክንያት አየር ማስገባቱ ነው፤ ቫርኒሹ ቀዳዳውን ሁሉ ስለደፈነው ራስ ላይ እንደ ክዳን ሆነ፤ ከሳምንት በኋላም በሚታጠፍበት በኩል መሰንጠቅ ጀመረ። የአሥሩ ባርኔጣ ድካም ከንቱ ቀረ። አስቀድሞ በአንድ መሞከር ሲቻል አሥር ማስቀባቴ እስካሁን ይቆጨኛል፤ የእያንዳንዱ ድካም የአንዲት ሴት ሁለት ቀን ነበርና።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ከገበያ የተገዛ ቀይና አረንጓዴ የዱቄት ቀለም ተሞከረ። ወጣቷ አባል ቀዩን አድርጋ በሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል ድረስ በእግሯ ደርሳ ስትመለስ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ወርዶ ነበር። ቀለም ያለው ሁሉ ከሽያጭ ወጣ። በቡና ገለባ የተቀቀለ ቃጫ ሻይ የመሰለ ቡኒ ይወጣዋል፤ በጊዜ ብዛት ጥቂት ቢደበዝዝም በላብ አይለቅም። አሁን ያለው ነጩና ይህ ቡኒ ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ አመለካከት ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው፣ የሼዱ ጉዳይ ነው። ማኅበሩ በከተማዋ ዳር የመሥሪያ ሼድ አገኘና ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር እንዲሠሩ ተወሰነ። ለጥራት ቁጥጥር ጥሩ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ከዘጠኙ ሴቶች በየቀኑ የሚገኙት አራት ብቻ ሆኑ። ጉንጉን ሥራ ከቤት ሥራ ጋር እየተፈራረቀ የሚሠራ ነው፤ ድስቱ እስኪፈላ አንድ ክንድ ይጎነጎናል፣ ሕፃኑ ሲተኛ ሁለት። ሼዱ ይህን የተበታተነ ሰዓት ወስዶ በምትኩ የታክሲ ወጪ ጨመረ። በሦስተኛው ወር ጉንጉኑ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ሼዱ የስፌቱ፣ የልኩና የማሽተቱ ቦታ ሆኖ ቀረ። ሰኞና ሐሙስ ሁሉም ጉንጉኑን ይዞ ይመጣል። ይህ ከተደረገ በኋላ የቀረ ሰው የለም።

ውጤት

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ያው የእንግዳ ማረፊያ በአዲሱ ዋጋ 60 ባርኔጣ አዘዘ። ትእዛዙ በልመና የተገኘ አልነበረም፤ እትዬ ከወራት በፊት ሦስት ባርኔጣ ይዘው ሄደው ለዕቃ ግዢ ኃላፊው «ውኃ ውስጥ ከትተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ያሽቱት» ብለው ሰጥተውት ነበር። ከስልሳው የተመለሱት ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም የስፌታቸው ክር ስለተተረተረ ነው። የስብሰባ አዘጋጆችም መግዛት ጀመሩ። ዋጋው ከፕላስቲኩ ጋር ሊወዳደር እንደማይችል አባላቱ ተቀብለውታል፤ የሚያዝዛቸውም የዋጋ ሳይሆን የዕቃ ፈላጊ ነው።

ያልተፈታም አለ። አባላቱ ተባብረው በወር ከ60 ባርኔጣ ብዙም አያልፉም። ለአንድ ትልቅ ስብሰባ 400 ባርኔጣ በሦስት ሳምንት ሲጠየቁ አልተቀበሉም። ውሳኔው ማኅበሩን ለሁለት ከፍሎ አከራክሯል፤ ገንዘቡ ለብዙዎቹ የልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ነበር። እኔ ውሳኔውን ደግፌያለሁ፤ ጊዜው ሲጣበብ መጀመሪያ የሚዘለለው የሸበዲኖው ታጥቦ የደረቀ ቃጫ መሆኑ አያጠራጥርምና።

ለሌሎች የሚተላለፍ ልምድ

በእንሰት፣ በሰሌን፣ በስንደዶም ሆነ በቀርከሃ ለሚሠሩ ሌሎች ማኅበራት ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር የተመለሰ ዕቃን ሳይጥሉ በምክንያት በምክንያቱ መለየት ነው። «71 ባርኔጣ ተመለሰ» ብለን ብንቀር ኖሮ ገዢ ልንቀይር እንሄድ ነበር። 34፣ 22 እና 15 ብለን ስንለያቸው ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች፣ ሦስት የተለያዩ ባለቤቶች አገኙ። የሠሪው አፍንጫም ሆነ ዓይን ለዕቃው የለመደ ስለሆነ ፍርዱ ከሥራው ውጪ ላለ ሰው መሰጠት አለበት። እትዬ ከተመለሱት ባርኔጣዎች አንዱን ሼዱ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ አዲስ ሠልጣኝ ጉንጉን ከመያዟ በፊት አርጥባ ታሸተዋለች።

አሠልጣኞችን በሚመለከት የምለው አንድ ነው። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ቅባት፣ አዲስ ቅርጽ ከማምጣታችን በፊት በአንድ ዕቃ ላይ ለአንድ ወር እንሞክረው። ሰዎችን ወደ አንድ ጣራ ከመሰብሰባችን በፊት ደግሞ ሥራው በቀኑ ውስጥ መቼ መቼ እንደሚሠራ ቤታቸው ሄደን እንይ። የሰዓት መዝገቡ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር፤ እኔ ለዋጋ ስሌት ብቻ አነበብኩት እንጂ የሼዱን ጉዳይ አስቀድሞ ይነግረን ነበር።

ስለ ዋጋም እንዲሁ። የመጨረሻውን ባርኔጣ የምትሰፋዋ ሴት የሚገባትን ስታገኝ፣ ከሰንሰለቱ መነሻ ያለችው ፋቂም አብራ መታሰብ አለባት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ማኅበሩን ስጎበኝ የሸበዲኖ ሴቶች ባርኔጣው በስንት እንደሚሸጥ ሰምተው የታጠበውን ቃጫ እስር 50 ብር አድርሰውት ነበር። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ ገበያው ቃጫ እንመለስ አሉ። እትዬ ወጪውን በወጣቷ አባል ስልክ አስደምረው፣ ለባርኔጣ 30 ብር እንደሚጨምር ካዩ በኋላ፣ የዚያን ሳምንት 40 እስር በ50 ብር ሒሳብ ከፈሉ።